ለማክሰኞ ጠዋት የሚሆን ቦርድ

ባህር የሌላት አገር ልጅ ስለ ማዕበል ልታወራ ነው። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ጨረሳችሁ? እሺ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሰርፍ ቦርድ ነው፤ ያ በፊልም ላይ ፀጉራቸው በፀሐይ የነጣ ጎረምሶች በብብታቸው ይዘውት ወደ ውሃ የሚሮጡት ሞላላ ነገር። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቀለም ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለጠየቀ ግን አንዱ ቦርድ ለአንድ ዓይነት ውሃ፣ ሌላው ለሌላ ዓይነት ውሃ የተሠራ ነው። ቦታ ብታቀያይሯቸው ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። "ጥሩ ቦርድ የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ "ጥሩ ጫማ ስንት ቁጥር ነው?" ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት ሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ፣ አክስቴ ቤት በሰነበትኩበት ጊዜ ነው። ሳንዲያጎ የሐበሻ ከተማ ነች (ኤል ካሆን ቡሌቫርድ ላይ እንጀራ ፍለጋ የሚንከራተት ሰው የለም)። የሰርፍ ከተማም ነች። ሁለቱ ሳንዲያጎዎች ግን እምብዛም አይተዋወቁም። እኔን ያስተዋወቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአዲስ አበባ የሄደ፣ አሁን ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ሲነጋ የሥራ ጓደኞቹ ወደ አልጋቸው ሲሄዱ እሱ ወደ ባህር ይሄዳል። አክስቴ "ይኼን ልጅ አንድ ቀን ውሃ ይወስደዋል" እያለች ለኪዳነ ምሕረት ስለት ትሳላለች፤ እሱ ደግሞ ፀጉሩ ላይ ጨው እንደ ደረቀ መጥቶ ቁርሱን ይበላል።

ይኸው ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቆነጠረ ዘጠኝ መቶ ዶላር አጠራቀመ። ቦርድ ሊያሠራ። ልብ በሉ፣ ሊገዛ አላልኩም። ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥ ሞልቷል። እሱ የፈለገው ልክ ተወስዶለት፣ ለእሱ ብቻ የሚሠራ ነው፤ እናቶቻችን ለፋሲካ ቀሚስ እንደሚያሰፉት።

*

ማዕበሉን ሳናውቅ ቦርዱን አናውቅምና ከእሱ እንጀምር። ነፋስ በውቅያኖስ ላይ ለቀናት ሲነፍስ ጉልበቱን ለውሃው ያወርሳል። ውሃው ራሱ ብዙም አይሄድም፤ ከፍ ዝቅ ብሎ እዚያው አካባቢ ይቀራል። የሚጓዘው ጉልበቱ ነው፤ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄደው። በሙቀቱ ወራት ሳንዲያጎ ከሚደርሰው ማዕበል ብዙው የሚወለደው ከምድር ወገብ በታች፣ በኒውዚላንድ አቅጣጫ ባለው ውቅያኖስ ላይ በሚነሣ አውሎ ነፋስ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው። በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ከሰሜን ፓስፊክ ይላካል።

ጉልበቱ ዳርቻ ሲቃረብ ከታች መሬት ያገኘዋል። እግሩ መሬት ሲነካ ይዘገያል፣ ቁመቱ ይጨምራል፤ የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት ጋር ሲቀራረብ መቆም ያቅተውና ወደ ፊት ይደፋል። እንዴት እንደሚደፋ የሚወስነው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ቀስ በቀስ ከፍ የሚል አሸዋ ከሆነ ማዕበሉም ቀስ ብሎ፣ እንደሚገነፍል ወተት ከአናቱ አረፋ እያፈሰሰ ይሰበራል። ከጥልቅ ውሃ ድንገት ብቅ የሚል የድንጋይ ወለል ሲገጥመው ግን ከንፈሩ ወደ ፊት ይወረወርና ሰው የሚያስገባ ዋሻ ይሠራል። በሐዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ዝነኛው ፓይፕላይን እንዲህ ያለ ነው። በዚያው ደሴት ደቡብ ያለው ዋይኪኪ ደግሞ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ጀማሪም ሽማግሌም የሚችለው ማዕበል አለው። የአንድ ደሴት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

ታዲያ ለሁለቱ አንድ ቦርድ ይዘህ ልትሄድ ነው? አይሆንም። ጠራቢ የሚባለው ሙያተኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

*

የአክስቴ ልጅ የወሰደኝ ጠራቢ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። (እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ የምተርከው በአማርኛ ስለሆነ አንቱ ብያቸዋለሁ። ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ አቧራ ለብሰው ሳያቸው ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ዘመዴ ነው የመሰሉኝ።) የሥራ ክፍላቸው ጠባብና መስኮት የሌለው ነው። ግድግዳው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ግራና ቀኝ፣ ከሥራ ማስቀመጫው ከፍታ ጋር እኩል፣ ረጃጅም አምፖሎች በአግድም ተሰቅለዋል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ በነጩ ፎም ላይ ያለች ጉብታ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። መብራቱ ከላይ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ሁሉ ይደበቅ ነበር። መሐል ላይ፣ በሁለት እግር ማስቀመጫ ላይ፣ ገና ቅርጽ ያልያዘው ፎም ተጋድሟል፤ እንዳይሰበር ከአፍንጫ እስከ ጭራ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በመካከሉ አልፎበታል። ይህ ፎም በኤሌክትሪክ መላጊያ ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ለብሶ ሬዚን ይፈስበትና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። አንድ የዓለም ሻምፒዮን የሚጋልበው ዓይነት ቦርድ ነው፤ 6 ጫማ ከ1 ኢንች፣ ስስ፣ ጠባብ፣ አፍንጫው የሾለ። "ይቺን ነው የምፈልገው" አለ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በደንብ አዩት። "ቆንጆ ነች" አሉ። ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወጡና መጠየቅ ጀመሩ።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚያሸመድዱን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት፣ ለምን። ሽማግሌው አንዱንም አልዘለሉም።

ማን? "ስንት ኪሎ ነህ?" አሉት። ሰማንያ አራት። ጻፉት። የቦርድ ይዘት ዛሬ በሊትር ነው የሚለካው፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚገፋ ነገር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማልና። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያሳለፈ፣ ክንዱ የማይዝል ፕሮፌሽናል ከክብደቱ ሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ ሊትር ይበቃዋል። ሥራ ውሎ ለሚያድር ሰው ግን ወደ ግማሽ ቢጠጋ ይሻለዋል። ቦርዱ ካልተሸከመህ ማዕበሉን ቀዝፈህ አትደርስበትም፤ ካልደረስክበት ደግሞ የቀረው ዲዛይን ሁሉ ጌጥ ነው። የፎቶዋ ቦርድ 27 ሊትር ነበረች።

የት? ኦሽን ቢች፣ አንዳንዴ ሚሽን ቢች። ሁለቱም አሸዋ ናቸው። እዚህ ላይ ሽማግሌው ከግድግዳው አንድ የድሮ ቦርድ አውርደው ከጎኑ አሳዩን። አፍንጫውና ጭራው እንደ ሙዝ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ይህን ኩርባ ሮከር ይሉታል። ሮከሩ የበዛ ቦርድ እንደ ፓይፕላይን ባለ ገደል ላይ ሲወርድ አፍንጫው ውሃ ውስጥ አይሰካም፤ ዝግ ባለ ማዕበል ላይ ግን ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ይጎተታል። ጠፍጣፋው ተቃራኒው ነው፤ በደካማ ማዕበል ላይ ይፈጥናል፣ ገደል ላይ ግን በአፍጢሙ ይደፋሃል። ሁለቱንም በአንድ ላይ አታገኝም። አንዱን ለማግኘት ከሌላው ትቀንሳለህ።

መቼ? "ከሥራ ስወጣ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ጠዋት።"

"ማክሰኞ ጠዋት ማዕበሉ ምን ያህል ነው?"

የአክስቴ ልጅ አሰበ። "ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን ከራሴ በላይ..."

"እሱን አይደለም። ማክሰኞ።"

"...እስከ ወገብ።"

"እስከ ወገብ" ብለው ጻፉ። ያቺ "እስከ ወገብ" የምትል ቃል የቦርዱን ስፋትና ጭራ ወሰነች። ሰፊ ጭራ ጉልበት በሌለው ማዕበል ላይ ቶሎ ተነሥቶ ይንሸራተታል፤ ትልቅና ፈጣን ማዕበል ላይ ግን አልያዝ ይላል። ቀጭን ጭራ ደግሞ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይይዛል፤ ማዕበሉ ደካማ ሲሆን ግን ይሰምጣል።

እንዴት? ስትዞር የምትጫነው የፊት እግርህን ነው የኋላውን? ከሥር የሚተከሉት ክንፎች ብዛትና ቦታ በዚህ ይወሰናል። ምን? አሁን የያዝከው ቦርድ ምኑ ያናድድሃል?

በመጨረሻ "ለምን?" መጣች። "ይቺን ለምን ፈለግሃት?"

የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙት በአማርኛ፣ "አንቺ፣ እዛ ውሃ ውስጥ እኔን የሚመስል ሰው የለም እኮ" አለኝ። "ሰፊ ቦርድ ይዤ ስገባ ገና ሳልነካው ለማጅ ነው ብለው ነው የሚያዩኝ። ማዕበል ሲመጣ 'እሱ አይችልም' ብለው ይሻሙኛል። ይቺን ይዤ ብገባ ግን..."

ሽማግሌው አልተጣደፉም። ጠበቁት። እሱም ትንሽ ቆይቶ ያንኑ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልሳቁም፣ አልመከሩም። "ውሃ ውስጥ ሰው የሚያከብረው ማዕበል የያዘውን ነው" አሉ። "ይቺን ከፈለግህ እሠራልሃለሁ፤ ገንዘቡ ያንተ ነው። ግን በእሷ ማክሰኞ ማክሰኞ ምንም አትይዝም።"

*

እዚህ ላይ እኔም ለምን ስስ ቦርድ ክብር ሆነ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ወደ 1990ዎቹ ይሄዳል (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ኬሊ ስሌተር የሚባለው የፍሎሪዳ ልጅ በ1992 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት አገኘ፤ እስከ 2011 ድረስ አሥራ አንድ አደረሰው። በዚያን ዘመን እሱና እኩዮቹ የሚጋልቡባቸው ቦርዶች ስስና ጠባብ፣ አፍንጫቸው ሽቅብ የቀና ነበር። ለእነሱ ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ በዓለም ምርጥ ማዕበሎች ላይ ነው የሚውሉት። ችግሩ የባንክ ሠራተኛውም፣ አስተማሪውም፣ የሰፈሩ ጎረምሳም ያንኑ ገዛ። ስንቱ ሰው በስስ ቦርድ ላይ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ማዕበል ሲያልፈው ዓመታት አሳለፈ! ፎቶው ላይ ያለው ሰው አካልም ባህርም የእሱ አልነበረም።

ታሪኩን ወደ ኋላ ስትገልጡት ግን ለውጥ ያመጡ ቦርዶች የተወለዱት ከመኮረጅ አይደለም። አንድ የተወሰነ ሰው፣ አንድ የተወሰነ ውሃ ላይ፣ አንድ የተወሰነ ችግር ሲገጥመው ነው።

ጥንት የሐዋይ ሰዎች ከአንድ በላይ ቦርድ ነበራቸው። "ኦሎ" የሚባለው ከ4 ሜትር የሚበልጥ፣ ወፍራም፣ የመኳንንት ቦርድ ነበር፤ ረጅምና ዝግ ላለ ማዕበል ይሆናል። "አላያ" ደግሞ አጭርና ስስ ሳንቃ ሲሆን ቀጥ ብሎ ለሚሰበር ማዕበል ነው። በፔሩ፣ ሁዋንቻኮ በምትባል መንደር ዓሣ አጥማጆች ዛሬም ከሸምበቆ ባሠሩት "ካባዪቶ" ተቀምጠው የሚሰበረውን ማዕበል ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ማዕበሉ ራሱ ተሸክሞ ያመጣቸዋል። የእኛን የጣና ታንኳ አስቡት፤ እሷም ከደንገል የታሰረች ነች፤ ግን የተሠራችው ሰውና እንጨት ጭና ሐይቅ ለማቋረጥ ነው። የሁለቱ ውሃ ተክሎች ዝምድና ቀልድ አይደለም፤ በ1970 ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ያቋረጠባት "ራ 2" ከጣና በመጣ ደንገል፣ በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ የታሰረች ነበረች። የሚታሰረው ተመሳሳይ ነው፤ ቅርጹን የሚያዘው ግን ውሃው ነው።

በ1937 ሆኖሉሉ ውስጥ ጆን ኬሊ፣ ዋሊ ፍሮይስትና ፍራን ሂዝ የሚባሉ ወጣቶች በከባድ የእንጨት ቦርዳቸው ቀጥ ያለ ማዕበል ላይ ሲወጡ ሰፊው ጭራ ወደ ጎን እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። ቶም ብሌክ ቦርድ ላይ ክንፍ መትከል የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1935 ቢሆንም ገና አልተለመደም ነበር። ኬሊ መጥረቢያ አነሣና የአንዱን ቦርድ ጭራ ከግራና ከቀኝ ጠርቦ አቀጠነው። ጭራው ያዘ። "ሆት ከርል" የሚባለው ቦርድ በመጥረቢያ ተወለደ ማለት ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የሳይመን አንደርሰንን ነው። አውስትራሊያዊው ማርክ ሪቻርድስ ባለ ሁለት ክንፍ ቦርድ ይዞ ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ብዙ ሰው ባለ ሁለት ክንፍ አለ። የአገሩ ልጅ አንደርሰን ግን ረጅምና ግዙፍ ነበር፤ ያቺ ቀላል ቦርድ ትልቅ ማዕበል ላይ ከሥሩ እያመለጠች አልታዘዝ አለችው። ሻምፒዮኑን ልምሰል ብሎ ሰውነቱን አልወቀሰም። ራሱም ጠራቢ ነበርና በ1980 ከኋላ ሦስተኛ ክንፍ ተከለ። በ1981 ቤልስ ቢች ላይ በጣም ግዙፍ በሆነ ማዕበል አሸነፈበት፤ በዚያው ዓመት ፓይፕላይን ላይም። ባለ ሦስት ክንፉ "ትረስተር" ዛሬ ድረስ በዓለም የተለመደው አሠራር ነው። ለአንድ ግዙፍ ሰው ችግር የተሰጠች መልስ የሁሉም ሆነች።

የአክስቴን ልጅ የሚመለከተው ታሪክ ደግሞ እዚያው ሳንዲያጎ የሆነ ነው። በ1967 ስቲቭ ሊስ የሚባል ታዳጊ ተንበርክኮ የሚጋልባት አጭር ቦርድ ሠራ፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጭራዋ እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሁለት ክንፍ ያላት። "ፊሽ" ተባለች፤ ዓሣ። ቆመውም ይጋልቧት ጀመር። አጭር ስለሆነች ቶሎ ትዞራለች፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነች ደካማ ማዕበል ላይም ትበራለች።

*

አሁን አንድ ክፉ ቀን ላስታውሳችሁ። ከ1961 ጀምሮ "ክላርክ ፎም" የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለአብዛኞቹ የአሜሪካ ጠራቢዎች ፎሙን ያቀርብ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 2005፣ ሰኞ ዕለት፣ ባለቤቱ ጎርደን ክላርክ ለደንበኞቹ ፋክስ ላከ፤ በቃኝ፣ ዘጋሁ። ቀኑ "ብላንክ መንደይ" ተብሎ ቀረ፤ ያልተጠረበውን ፎም "ብላንክ" ይሉታልና። በአንድ ጠዋት ሙያው ጥሬ ዕቃ አጣ። ዋጋ ናረ፤ ብዙ ጠራቢ ነገ ምን እንደሚሠራ አላወቀም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፎም ሠሪዎች ተነሡ፤ በእስያ ፋብሪካዎች በጅምላ የሚመረተውም ቦርድ ገበያውን አጥለቀለቀው። ቅርጹን በኮምፒውተር ነድፎ በማሽን ማስቆረጥም ተለመደ።

"ማሽን ሥራችሁን አልቀማችሁም?" ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው (ጋዜጠኛ ነኝ፤ እኔም ጥያቄ ነበረኝ)። እሳቸውም ብዙውን ጊዜ ማሽን እንደሚያስቆርጡ፣ በእጃቸው የሚጨርሱት የመጨረሻዋን ጥቂት እንደሆነ ነገሩኝ። "ወገቤን አድኖልኛል። ማሽኑ የነገሩትን ይቆርጣል፤ ከእኔም በላይ በትክክል። ግን 'ማክሰኞስ?' ብሎ አይጠይቅም።"

ስለዚህ አደጋው እኔ ካሰብኩት ሌላ ቦታ ነው ያለው። እጅ በማሽን መተካቱ አይደለም። ጠያቂው ከጠፋና ደንበኛውና ፎቶው ብቻ ከተፋጠጡ ነው። ኢንተርኔት ላይ ኪሎህንና ቁመትህን አስገብተህ በአንድ ደቂቃ ማዘዝ ትችላለህ። ያሰኘህን ይልክልሃል። "እሱን አይደለም" የሚልህ ሰው ግን በሳጥኑ ውስጥ ታሽጎ አይመጣም።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም ሽማግሌው ላይ አንሥቼው ነበር። ሰው ሁልጊዜ ላለው ብቻ ይሥራ? ለሚመኘው ቀንስ? መልሳቸው ጣሪያው ሥር ነበር። ከሌሎቹ በላይ አንድ ረጅም፣ ጠባብ፣ እንደ ጦር የሾለ ቦርድ ተሰቅሏል። ይህ ዓይነቱን "ገን" ይሉታል፤ ጠመንጃ። በኦዋሁ ዋይሜያ ቤይ ላይ ለሚነሡት ተራሮች የሚሠራ ነው። ትልቅ ማዕበል ፈጣን ስለሆነ በአጭር ቦርድ ቀዝፈህ አትደርስበትም፤ ስለዚህ ይረዝማል፤ በዚያ ፍጥነት እንዲይዝ ደግሞ ይጠብባል። እዚያ በኤዲ አይካው ስም የሚካሄድ ውድድር አለ፤ የማዕበሉ ፊት 40 ጫማ ያህል ካልደረሰ አይካሄድም። በ2016 ከተካሄደ በኋላ እስከ 2023 አልተካሄደም፤ ሰባት ዓመት። ቦርዱ ሰባት ዓመት ቢሰቀልም ቀኑ ሲመጣ ሌላ ምንም አይተካውም።

"የእርስዎ ነው?" አልኳቸው።

"የኔ ነው። ሦስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ።" ከዚያ ወደ ሥራቸው እየተመለሱ፣ "እሱን የሠራሁት ግን ሌሎቹን ከሠራሁ በኋላ ነው" አሉ።

*

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ዓሣዋን አዘዘ። 5 ጫማ ከ10 ኢንች ርዝመት፣ 21 ተኩል ኢንች ስፋት፣ 37 ሊትር። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከፎቶዋ ቦርድ በሦስት ኢንች ታጥራለች፤ አሥር ሊትር ግን ትበልጣለች። ሲወስን ፊቱ ላይ ደስታ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። የሆነ ነገር ትቶ የወጣ ሰው ነው የመሰለኝ። መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ አላወራም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰች። በመጀመሪያው ማክሰኞ ቡናዬን ይዤ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩና ቆጠርኩ። ማዕበሉ እውነትም እስከ ወገብ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ያዘ፤ በፊት አራት አምስት ከያዘ ቀኑ በዓል ነበር። ስምንተኛው ላይ አጠገቡ ስስ ቦርድ ይዞ ይቀዝፍ የነበረ ልጅ ትቶ ቆመና አየው። ዘጠነኛው ሲመጣ ያው ልጅ እጁን አንሥቶ "ያንተ ነው" የሚል ምልክት ሰጠው። የአክስቴ ልጅ ይህንን ለእናቱ ሲተርክላት እሷ የሰማችው "ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ" የሚለውን ብቻ ነው። ስለቱ ቀጥሏል።

ስለ እኛ ሳስብ፣ ከኮሌጅ ወጥተን ሥራ ስለምንፈልገው፣ አንድ ነገር እያዘዝን ስለምንኖረው፣ ስንቶቻችን የሰው ፎቶ ይዘን እንደምንዞር ልቆጥር ሞከርኩና ተውኩት። ለባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ቀን የሚሆን ዕቅድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ማክሰኞን የሚጠይቀን ግን ማን ነው? ብዙዎቻችን ማክሰኞን የምንኖረው ለሌላ ቀን በተሠራ ነገር ላይ ተቀምጠን ነው፤ እስከ ደረታችን ውሃ ውስጥ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልለያችሁ አልፈልግም። ጠራቢዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ፋይበር ግላሱ ከመልበሱ በፊት በእርሳስ ልኩን፣ ፊርማቸውንና የባለቤቱን ስም ፎሙ ላይ ይጽፋሉ። ሬዚኑ ሲፈስበት ጽሑፉ ከሥሩ ታትሞ ይቀራል፤ ቦርዱ እስኪሰበር አይለቅም። ሽማግሌው ለዚህ የአክስቴን ልጅ መልሰው ጠርተውት ነበር። ስሙን በራሱ ፊደል እንዲጽፍላቸው እርሳሱን ሰጡት። እሱም ጻፈ፤ ከፊቱ "ለ" የምትለዋን ጨምሮ።